ኖራው ሲፈላ ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ?

“ለእርስዎ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሻልዎታል” አለኝ የቅዳሜና እሁዱ ትምህርት አስተባባሪ። ያለው በቅን ልቡ ነው። እኔን ዕድሜዬን ሙሉ ያስቸገረኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚሻለኝን በቅን ልቡ የሚያውቅልኝ ሰው ነው። አባቴም “ለሷ ስምንተኛ ክፍል ይበቃታል፣ ሱቅ ይሻላታል” ያለው በቅን ልቡ ነበር። ወንድሞቼ ደብተር ይዘው ሲወጡ እኔ የሱቅ ቁልፍ ይዤ ወጣሁ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ገና ያኔ በተጣላን።

አሁን ልጆቼ አድገዋል፣ ሱቁም የራሴ ነው። ገርጂ ላይ የሕንፃ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ምስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቱቦ፣ ቀለም፣ ኖራ። ዘጠነኛን ጨርሼ ዐሥረኛ ክፍል ገብቻለሁ። ከዐሥረኛ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወይ ተፈጥሮ ሳይንስ፣ ወይ ማኅበራዊ። እኔ ተፈጥሮ ሳይንስ ነው የምፈልገው። ለምን? ላለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ “ወንድሞቼ የተማሩትን ልየው።”

አስተባባሪው የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት የኬሚስትሪ ውጤቴን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። በጣት መነካት እንጂ በአፍ መነገር የሚችል ውጤት አልነበረም።

“በዚህ ውጤት ተፈጥሮ ሳይንስ መመደብ አልችልም” አለኝ። “ደንቡ ነው። የሁለቱ መንፈቅ አማካይ ከማለፊያው በላይ መሆን አለበት።”

“የሁለተኛው ገና አልተፈተንኩም።”

“አዎ፣ ግን…”

“ግን የለም። ሳልፈተን አይጣሉኝ።”

ያ ሰው ሃያ ዓመት ያስተማረ ነው። እንዲህ ብሎ የመለሰለት ተማሪ አይቶ እንደማያውቅ ከፊቱ አነበብኩ። እኔም ቢሆን ዕቃ ሳይነካ “ውድ ነው” የሚል ደንበኛ እንጂ እንደሱ ያለ አስተማሪ አላየሁም።

ቅዳሜ ሱቅ መዝጋት በገርጂ ሕግ ሰው ሲሞት ብቻ የሚፈቀድ ነው። ቅዳሜ ግንበኛው ይከፈለዋል፣ ባለቤቱ ሥራ ሊያይ ይመጣል፣ ሁሉም የጎደለውን ሊገዛ ይወጣል። የመጀመሪያው ሰሞን ጎረቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች።

“አይዞሽ እህቴ፣ ማን ነው?”

“ማን ነው ምን?”

“ሱቁ ተዘግቶ አይቼ… ለቅሶ ነው ብዬ።”

“ኬሚስትሪ ነው” አልኳት።

ትንሽ አሰበችና “አላህ ይርዳሽ” አለችኝ። ከለቅሶው ይልቅ ይሄኛው ያሳዘናት መሰለኝ።

ትምህርት ቤቱ ከኢምፔሪያል ትንሽ ገባ ብሎ ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ለጋ ወጣት ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ ጠመኔ አያጣውም። እሱ በዕድሜዬ “እርስዎ” ይለኛል፣ እኔም በሙያው “እርስዎ” እለዋለሁ፤ ስንጨቃጨቅ እንኳን እንደ ሁለት ሽማግሌዎች ነበርን። ከጎኔ የሚቀመጠው ደግሞ ከመገናኛ አያት የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ዕድሜው ከበኩር ልጄ አይበልጥም፤ አፉ ግን ከእኔ ይበልጣል። “ማዘር” ይለኛል፣ በ“አንቺ” ነው የሚያወራኝ፣ ክብሩም ፍቅሩም “ማዘር” የምትለዋ ውስጥ ናት።

የሁለተኛው መንፈቅ ትልቁ ምዕራፍ ሪዶክስ ነበር። አስተማሪው ገና ሲጀምር “ከፈተናው ሰፊውን ድርሻ የሚይዘው ይሄ ነው” አለን። የእኔ ተፈጥሮ ሳይንስ እዚህች ምዕራፍ ላይ ተንጠለጠለች ማለት ነው።

ምስማር ከሱቄ እንዳመጣ ጠየቀኝ። ሰማያዊ ውሃ በብርጭቆ አቀረበ፤ መዳብ የሟሟበት ነው አለ፣ ኮፐር ሰልፌት። ምስማሩን ነከረው። ጥቂት ቆይቶ ሲያወጣው የነከረው ጫፍ ቀልቷል።

“መዳብ ለበሰ” አለ። “ብረቱ ኤሌክትሮን ሰጠ፣ በውሃው ውስጥ ያለው መዳብ ተቀበለ። የሰጠው ኦክሲዳይዝ ሆነ፣ የተቀበለው ሪዲዩስ ሆነ ይባላል። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሆኑት። ሰጪ ከሌለ ተቀባይ የለም።”

ደስ አለኝ። ይሄንን እኔ ባንኮኒ ላይ ሆኜ ስሠራው የኖርኩት ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎረበጠኝ፤ እጄን አወጣሁ።

“ቲቸር፣ ሪዲዩስ መቀነስ ነው ብለዋል። ተቀብሎ የሚቀንስ ሰው የት አገር ነው ያለው?”

“ኤሌክትሮን ኔጋቲቭ ነው። ኔጋቲቭ ነገር የተቀበለ ቁጥሩ ይወርዳል።”

“እንግዲያው የሚሰጠው ነው ብልጡ” አለ ሾፌሩ፣ ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንዳንድ ስጦታ ያየ ሰው ይሄ አይከብደውም።

ከዚያ በኋላ የመልመጃ ወረቀት ሰጠን። ረድፍ ሙሉ የኬሚካል ለውጥ ተጽፏል፤ ሪዶክስ የሆነውን ለዩ ይላል። እኔ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም “ነው” አልኩት። አላሰብኩበትም አይደለም፤ በደንብ አስቤበታለሁ። ለውጥ ካለ ንግድ አለ። ንግድ ካለ አንዱ ሰጥቷል፣ አንዱ ወስዷል። ነጋዴ በዚህ ሊጠራጠር አይችልም።

ወረቀቱ ሲመለስ ግማሹ በቀይ ተሰርዟል። ከተሰረዙት አንዱ ኖራ ነበር። ውሃ ያልነካው ኖራ ከውሃ ጋር። የማላውቀውን ቢሰርዝብኝ ዝም እል ነበር፤ የምሸጠውን ሲሰርዝብኝ ግን ተነሣሁ።

“ቲቸር፣ ይሄ ኖራ ለምን ተሰረዘብኝ?”

“ሪዶክስ ስላልሆነ።”

“ኖራ ሸጠው ያውቃሉ?”

“አልሸጥኩም።”

“እኔ እሸጣለሁ። ውሃ ሲነካው ይፈላል። በርሜሉ በእጅ አይነካም። የሠራተኛ እግር ሲልጥ አይቻለሁ። ያ ሁሉ እሪታ ማንም ምንም ሳይወስድበት ነው የሚጮኸው?”

“አዎ።”

“አይሆንም።”

“ማዘር፣ ተይ ነጥብሽን ይቀንስብሻል” አለኝ ሾፌሩ በሹክሹክታ።

“ይቀንሳ!”

አስተማሪው አልተቆጣም። ጠመኔውን አስቀመጠና “በሚመጣው ሳምንት ትንሽ ይዘው ይምጡ፤ ግቢ ውስጥ አብረን እናየዋለን” አለኝ።

ይዤ መጣሁ። እርጥበት እንዳያገኘው በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ ሚኒባስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ለሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ኮራ ብዬ። አስተማሪው የብረት ባልዲ አቀረበ፣ ተማሪውን ወደ ኋላ አራቀው፣ ራሱ ውሃውን ከሩቅ አፈሰሰበት። መጀመሪያ ዝም አለ። ኖራ ሁልጊዜ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ የማያውቅ ሰው ጠጋ የሚለው ያኔ ነው። ከዚያ ተሰነጠቀ፣ ተንፈቀፈቀ፣ እንፋሎቱ ተነሣ። ልጆቹ አፏጩ።

“ማዘር በዝረራ አሸነፈች!” አለ ሾፌሩ።

እኔም ክንዴን አጣጥፌ አስተማሪውን አየሁት፤ አፌን መክፈት አላስፈለገኝም፣ ባልዲው እያወራልኝ ነበር። እሱ ግን የግቢውን ግንብ ሰሌዳ አድርጎ በጠመኔ መጻፍ ጀመረ። በአንድ በኩል ከመፍላቱ በፊት የነበሩትን፣ በሌላ በኩል ከፈላ በኋላ ያሉትን። በእያንዳንዱ አናት ላይ ቁጥር አደረገ፤ ኦክሲዴሽን ነምበር የሚሉት እሱን ነው። ካልሲየም ፕላስ ሁለት። ኦክስጅን ማይነስ ሁለት። ሃይድሮጅን ፕላስ አንድ።

“አሁን ይፈልጉልኝ” አለኝ። “የሰጠ ቁጥሩ ይወጣል። የተቀበለ ቁጥሩ ይወርዳል። ማን ወጣ? ማን ወረደ?”

“ካልሲየሙ።”

“ሁለት ነበር። አሁንስ?”

“ሁለት።”

“ኦክስጅኑስ?”

አየሁት። ያው ነው። ሃይድሮጅኑን አየሁ። እሱም ያው ነው። እንደገና ከመጀመሪያው አየሁ፤ ሚዛን ያታለለው ሰው ሚዛኑን አንሥቶ ከሥሩ እንደሚያይ።

“ታዲያ ሙቀቱ ከየት መጣ?”

“ሙቀቱ እውነት ነው። ከውሃው ጋር ሲጣመር የወጣ ነው። ኤሌክትሮን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አልዞረም። መጮህና መስጠት የተለያዩ ናቸው።”

ልጆቹ እኔን ያያሉ። “አልገባኝም” ብል ይቀለኝ ነበር። ግን ገብቶኛል፤ ችግሩ እሱ ነው።

“አልተዋጠልኝም” አልኩት።

“ይዋጥልዎታል።”

“ሳይዋጥልኝ ግን አልጽፍልዎትም።”

በዚያ ሳምንት ወንድሜ ሱቅ መጣ። ታላቄ ነው፤ ተፈጥሮ ሳይንስ ተምሮ፣ ቦሌ ቢሮ ያለው፣ መኪናውን የማያቆምበት ቦታ የሌለ ሰው።

“ቅዳሜ ይዘጋል ይሉኛል ይሄ ሱቅ።”

“እውነት ነው የሚሉህ።”

“ደንበኛሽ ማዶ እየሄደ ነው እኮ!”

“ይሂድ። የማዶው ምስማር ሲመታ ይታጠፋል። ሰኞ ይመለሳል።”

ከቀለም ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ድምፁን አለሰለሰ፤ ቅን ልቡ መጣች ማለት ነው። “እሺ ተማሪ፣ ማን ከለከለሽ። ግን ይሄ ኬሚስትሪ ምን ያደርግልሻል? እኔ ተምሬው ይሄው ረስቼዋለሁ።”

“አንተ የምትረሳው ነገር አግኝተሃል። እኔም ተምሬ ልርሳው፣ ተወኝ።”

“በዚህ ዕድሜሽ ብትወድቂ ደግሞ ሰው…”

“ሰው ምን? ወድቄ ብነሣ የሚያመኝ የራሴ ጉልበት ነው።”

ሄደ። ሲሄድ አንድ ኪሎ ምስማር ወሰደ። የተቀበለ ቁጥሩ ይወርዳል ቢባልም፣ የእሱ ግን አልወረደም።

ከኖራው የባሰብኝ ግን ልውውጡ ነበር። ሁለት ነገሮች ተገናኝተው አጋር ይቀያየራሉ፤ ብሩን፣ የጌጡን ብር ማለቴ ነው፣ ከያዘው ናይትሬት ጋር የምግብ ጨው ስትቀላቅል፣ ብሩ ወደ ክሎሪኑ ይሄዳል፣ ሶዲየሙ ወደ ናይትሬቱ። ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፣ ለዓይን ለውጥ ነው። ሪዶክስ ግን አይደለም ይላል አስተማሪው። ሁለት ሰው ዕቃ ተለዋውጦ፣ ሁለቱም እንደነበሩ! ገበያ ላይ ሁለት ሰው ሲለዋወጥ ሁለቱም “ተጎዳሁ” ይላሉ፤ አንዱ ግን ይዋሻል። የማይዋሽ ልውውጥ አይቼ አላውቅም።

እሁድ ከክፍል በኋላ ሾፌሩ ወደ አያት ሲመለስ ጋቢና አስቀምጦ ወደ ቤቴ ይወስደኝ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ስለዚህ እንጨቃጨቃለን።

“ማዘር፣ ስሚኝ። የእኔ ወያላና የዚያ የፊተኛው መኪና ወያላ ቢቀያየሩ፤ የእኔ ወደሱ፣ የሱ ወደ እኔ። ማን ከሰረ?”

“ያንተ ወያላ ሌባ ከሆነ፣ ያኛው ሾፌር ከሰረ።”

ወያላው ከኋላ “ኧረ ማዘር!” አለ።

ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ መታ። “እሱን አይደል የምልሽ! ሌባ ከሆነ ሌብነቱን ይዞት ነው የሚሄደው። እዚህም ሌባ ነበር፣ እዚያም ሌባ ነው። ጠባዩ ተቀየረ? አልተቀየረም። መኪና ነው የቀየረው። ቁጥሩ ማለት እኮ ጠባዩ ነው፣ ማዘር! ብሩ ፕላስ አንዱን ይዞ መጣ፣ ፕላስ አንዱን ይዞ ሄደ።”

“አሁን እኔ ሌባ ሆንኩ?” አለ ወያላው።

“ምሳሌ ነህ፣ ዝም በል!” አልነው ሁለታችንም።

ሲኤምሲን እስክናልፍ የወያላውን ነገር በልቤ አገላበጥኩት። የእኔ ስህተት ታየኝ። እኔ ስፈርድ የኖርኩት በልውውጡ ነው፤ ዕቃው እጅ ቀየረ ወይ ብዬ። ጥያቄው ሌላ ነው። ከልውውጡ በኋላ ራሱ ሰውየው ተቀይሯል ወይ? ምስማሩ ብረት ሆኖ ገባ፤ ከላዩ የሟሟው ግን እንደገባ አልወጣም፤ ሁለት ኤሌክትሮን አጥቶ ውሃው ውስጥ ቀረ። እሱ ተቀይሯል። ኖራው ግን እሪ ብሎ፣ ባልዲ አግሎ፣ እንደገባ ወጣ። እንዲህ ያለ ሰውማ አውቃለሁ። በየሳምንቱ ሱቄ በር ላይ ቆሞ የሚጮህ፣ ሲጨርስም ያው የሆነ።

ከዚያ በኋላ ጩኸት ማየት አቆምኩ፤ በየአናታቸው ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት የካርቶን ጀርባ ላይ ሳይቀር። የተነባበረ ቆርቆሮዬን እያየሁ፣ ከዝገት የሚጠብቀው፣ ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እንደሚሰጥ ሲገባኝ ቆርቆሮውን አከበርኩት። ዋጋ ግን አልጨመርኩበትም፤ ፈተናዬ ቀርቦ ስለነበር ለክርክር ጊዜ አልነበረኝም።

ፈተናው እሁድ ጠዋት ነበር። አስተማሪው መልኩ እንጂ እጁ ለጋ አይደለም፤ ሁለት ጥያቄ ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንደኛው ዚንክ በአሲድ ውስጥ ሲገባ፣ አረፋ ይወጣል። ሁለተኛው እብነ በረድ በአሲድ ውስጥ ሲገባ፣ አረፋ ይወጣል። ሪዶክስ የሆነውን ለዩ፣ ምክንያቱን ጻፉ።

እጄ ሁለቱንም ሊል ተነሣ። ሁለቱም ይፈላሉ እኮ! ያን እጅ ሠላሳ ዓመት ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፤ ፈጣን ነው። ያዝኩት። ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ።

ዚንኩ ብቻውን ነበር፣ ዜሮ። ከአሲዱ በኋላ ፕላስ ሁለት። ወጣ፤ ሰጪው እሱ ነው። ሃይድሮጅኑ ፕላስ አንድ ነበር፣ አረፋ ሆኖ ሲወጣ ዜሮ። ወረደ፤ ተቀባዩ እሱ ነው። ሪዶክስ።

እብነ በረዱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ እዚያ ካርቦኑ አስቸገረኝ፤ ቁጥሩን የሚነግርህ የለም፣ ከሌሎቹ ታወጣዋለህ። ሦስት ኦክስጅን ማይነስ ስድስት። ካልሲየሙ ፕላስ ሁለት። የቀረውን የሚሞላው ካርቦኑ ነው፤ ፕላስ አራት። አረፋ ሆኖ የወጣው ጋዝ ውስጥስ? ሁለት ኦክስጅን ማይነስ አራት፤ ካርቦኑ ፕላስ አራት። ያው። ካልሲየሙን አየሁ፣ ያው። ሃይድሮጅኑን፣ ክሎሪኑን፣ ሁሉንም አየሁ። ማንም አልወጣም፣ ማንም አልወረደም። “አይደለም” ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ “ይጮሃል እንጂ አይሰጥም” ብዬ ጨመርኩና፣ ነጥብ እንዳያስቀንስብኝ ፈርቼ ሰረዝኩት።

ውጤት ሲለጠፍ የሁለቱ መንፈቅ አማካዬ ከማለፊያው በላይ ነበር። ብዙ በላይ አይደለም። ሚኒባስ ሞልቶ በር ላይ በአንድ እግር እንደሚንጠለጠል ሰው ነበርኩ፤ ተሳፍሬያለሁ ግን።

የምዝገባው ቀን ሰልፍ ይዤ አስተባባሪው ፊት ደረስኩ። ፈገግ ብሎ ወረቀት አቀበለኝ።

“እንኳን ደስ አለዎት። እንዳይጉላሉ ብዬ እኔው ሞልቼ ጨርሼልዎታለሁ፤ መፈረም ብቻ ነው።”

አነበብኩት። ስሜ ትክክል ነው። የክፍሉ ምርጫ ላይ “ማኅበራዊ ሳይንስ” ይላል። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ።

“ይሄንን ማን ጠየቀህ፣ ልጄ?” አልኩት። “እርስዎ” ማለቱን ረሳሁት።

“ለእርስዎ አስቤ ነው። ኬሚስትሪውን አለፉ፣ ጥሩ። ግን ፊዚክስ አለ፣ ሒሳቡም እየከበደ ነው የሚሄደው…”

“ደንቡ ኬሚስትሪ ነው ያልከኝ አንተ ነህ። ደንቡ ተቀየረ?”

“አልተቀየረም።”

“እንግዲያው እኔም አልተቀየርኩም። አዲስ ፎርም ስጠኝ።”

“ፎርም አልቋል። የሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ቢሉ…”

ከኋላዬ ሾፌሩ አንገቱን አሰገገ። “ማዘር፣ ሰልፉ እያጉረመረመ ነው።”

“አንተ ምን ሞላህ?” አልኩት።

መሬት መሬት አየ። “ማኅበራዊ።”

“ከሃዲ! ያን ሁሉ አስረድተኸኝ?”

“ሕግ ልማር ነው ማዘር። ከትራፊክ ጋር ስከራከር ደሜ የሚፈላው ይበቃኛል።”

ሳልወድ ሳቅኩ። እሱ የፈለገውን መርጧል፤ ማንም አልሞላለትም። ወደ አስተባባሪው ዞርኩ። ለእንግዳ የተቀመጠችውን ወንበር ሳብኩና ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥኩ፤ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አደረግኩ።

“እጠብቃለሁ” አልኩት። “ቅዳሜ ነው፣ ሱቄ ዝግ ነው። የሚያስቸኩለኝ የለም።”

ሰልፉ በጩኸት ተነሣ። አስተባባሪው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰልፉን፣ አንዴ በሩን አየ። ከዚያ የታችኛውን መሳቢያ ከፍቶ ከወረቀት ክምር ሥር ባዶ ፎርም አወጣ። እስክሪብቶውን አንሥቶ ስሜን ሊጽፍ ሲያጎነብስ ወረቀቱን ከእጁ ሥር ቀስ አድርጌ ሳብኩት።

“ይሄኛውን እኔው እሞላዋለሁ።”